ማርኬቲንግ ለመማር ባሕር ማቋረጥ ለምን አስፈለገ?

ሰንጋ ተራ፣ ኮሜርስ አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጦ የተማሪ ወሬ ለሚሰማ ሰው ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። አንዷ ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን፣ ቻይና ወይም ህንድ ሄዳ የመማር ዕድል ታገኛለች። የኮርሱ ርዕስ «ባህል በንግድና በማርኬቲንግ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። ጓደኞቿ ሙድ ይይዙባታል። «ባህል ለመማር እዚያ ድረስ? እኛ ጋ ሞልቶ ተርፎ!»

ጥያቄው ግን የቀልድ ብቻ አይደለም። የማርኬቲንግ መጽሐፉ እዚህም አለ። ሌክቸሩም ስልክ ላይ ይገኛል። ታዲያ የአውሮፓ አገሮች ኢራስመስ በሚባለው ፕሮግራም ከ1987 ጀምሮ ተማሪ ሲለዋወጡ የኖሩት ለምንድን ነው? (የውጭ ጉዳይ ስናነሳ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

የእኔ መልስ ይህ ነው። ሰው አገሩ ውስጥ ሲገበያይ ባህሉን አያየውም። ስለማያደናቅፈው አያየውም። ውጭ ሲሄድ ግን ግራ የገባው ደንበኛ ይሆናል። ለገበያ ተማሪ ደግሞ ግራ ከመጋባት የተሻለ አስተማሪ የለም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጥቀስ። ጀርመን ውስጥ ውኃ ወይም ለስላሳ አንዴ ብቻ በሚያገለግል የፕላስቲክ ጠርሙስ ስትገዙ ዋጋው ላይ 25 የዩሮ ሳንቲም ይጨመራል። ባዶውን ስትመልሱ ገንዘቡ ይመለስላችኋል። አዲስ የመጣ ተማሪ ደረሰኙን አይቶ «ተበላሁ» ሊል ይችላል። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ወዲያው ይገባዋል። ባዶ ጠርሙስ ሳይዝ ሰፈር ሱቅ ሄዶ ኮካ ይዞ ለመውጣት የሞከረ ሁሉ ማስያዣ ምን እንደሆነ ያውቃል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ጠርሙሱን የሚቀበለው ማሽን ነው። ማን እንደሆናችሁ አይጠይቅም። እዚህ ደግሞ ባለሱቁ ያውቃችኋል። «የእነ እከሌ ልጅ ነው፣ ነገ ያመጣል» ብሎ ያለ ማስያዣ ይሰጣችኋል። ችግሩ አንድ ነው፣ መፍትሔውም አንድ ነው። እምነቱ የተጣለበት ቦታ ግን ይለያያል። አንደኛው በሥርዓቱ፣ ሌላኛው በሰውየው ላይ። ኮርሱ ሲጠቃለል ይህን ዓይነት ልዩነት ማየት ነው።

ብዙ ሰው «ባህል» ሲባል ጭፈራ፣ ልብስና ምግብ ይመጣበታል። ማስታወቂያ ሠሪዎቻችንም ከዚህ አይርቁም። ጳጉሜን ላይ ከሜክሲኮ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ያሉትን የባንክ ፖስተሮች ተመልከቱ። ሁሉም ቢጫ ናቸው። አደይ አበባ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ችቦ። የባንኩን ስም በእጃችሁ ብትሸፍኑት የማን እንደሆነ አትለዩም። ይህ ባህልን ማስጌጫ ማድረግ ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ማንም ሰው በአደይ አበባ ምክንያት ሒሳብ ሲከፍት አላየሁም።

እዚያው ሰፈር ደግሞ «ከወለድ ነፃ» የሚል ቅርንጫፍ ታገኛላችሁ። ወለድ በእስልምና ክልክል ነው። ስለዚህ አጥባቂው ሙስሊም ደንበኛ ወይ ባንክ አይደርስም ነበር፣ ወይ ደግሞ ገንዘቡን አስቀምጦ ወለዱን ይተወው ነበር። እዚህ ላይ ባህል የገባው ፖስተሩ ውስጥ ሳይሆን ውሉ ውስጥ ነው። ባንኩ ገንዘብ አበድሮ ወለድ ከመቀበል ይልቅ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ወይም ከነጋዴው ጋር ትርፍና ኪሳራ ይጋራል። መጀመሪያ መደበኛ ባንኮች ይህን አገልግሎት በተለየ መስኮት ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ባህል ማስታወቂያን ሲለውጥ ቀለም ይለወጣል። ምርትን ሲለውጥ ግን አዲስ ገበያ ይከፈታል።

በማስጌጫነት ብቻ የተያዘ ባህል አንዳንዴም ያቃጥላል። ዶልቼ ኤንድ ጋባና የተባለው የጣሊያን ፋሽን ድርጅት በኅዳር 2018 አንዲት ቻይናዊት ሞዴል ፒዛና ስፓጌቲ በቾፕስቲክ ለመብላት ስትታገል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ቀልድ መሆኑ ነው። ቻይናውያኑ ግን የተሾፈባቸው እነሱ መሆናቸው ገባቸው። ሻንጋይ ላይ የታሰበው ትልቅ የፋሽን ትርዒት ሊቀርብ በነበረበት ቀን ተሰረዘ። የቻይና ትልልቅ የኢንተርኔት ሱቆችም ዕቃውን ከገጻቸው አወረዱት።

ወደ ምግብ እንግባ። ጉዳዩ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ማክዶናልድስ ህንድ የገባው በ1996 ነው። ድርጅቱ በዓለም የታወቀው በበሬ ሥጋ በርገር ነው። ህንድ ውስጥ ግን የበሬም የአሳማም ሥጋ አይሸጥም። ዶሮ አለ። ከድንችና ከአተር የሚሠራ ማክአሉ ቲኪ የሚባል በርገርም አለ። ይህን ሁሉም ይተርከዋል። ብዙም የማይተረከው ኩሽናው ነው። ሥጋ ለማይበላ ህንዳዊ ጥያቄው «ውስጡ ምን አለ?» ብቻ አይደለም። «ከምን ጋር ተነካካ?» የሚለውም አለ። ስለዚህ የአትክልቱና የሥጋው መሥሪያ ተለያየ። ዕቃው ለየብቻ፣ ሠራተኛው ለየብቻ ሆነ። ማዮኔዙም ያለ እንቁላል ተሠራ። ህንድ ውስጥ የታሸገ ምግብ ከሥጋ ነፃ ከሆነ አረንጓዴ ምልክት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ያለዚህ ወጪ ግን ደንበኛው በሩን አያልፍም።

አሁን አንድ የህንድ ምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ ስታዲየም አካባቢ ቤት ሊከፍት መጣ እንበል። ስለ ጾም ይነገረዋል። «ገባኝ፣ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች አሉ» ይላል። አልገባውም። ህንድ ውስጥ ሥጋ የማይበላ ሰው ዛሬም አይበላም፣ ከነገ ወዲያም አይበላም። ደንበኛ የሚከፋፈለው በሰው ነው። የእኛ የኦርቶዶክስ ተከታይ ግን ሐሙስ ጥብስ አዝዞ የበላው ሰውዬ ነው አርብ በያይነቱ የሚያዘው። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ምናልባትም ያው አስተናጋጅ። እዚህ ደንበኛ የሚከፋፈለው በቀን ነው።

የዚህ ውጤት ብዙ ነው። ሬስቶራንቱ ሁለት ኩሽና አያስፈልገውም፤ ሁለት ሜኑ ግን ያስፈልገዋል። የግዢው ሰው የቀን መቁጠሪያ ማንበብ አለበት። ረቡዕና አርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት አለ። ቅበላ ላይ ሥጋ ቤቱ እግር አያስገባም፤ በማግሥቱ ይዘጋል። ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ፣ ፒዛ ቤቱ የጾም ፒዛ ይዞ ይጠብቃል። የወተት አቀነባባሪው ፈተና ደግሞ የብቻው ነው። ገዢው ይጾማል፣ ላሚቱ ግን አትጾምም። ወተቱ በየቀኑ ይመጣል። ወይ አይብና ቅቤ መሆን አለበት፣ ወይ ዋጋው ይወርዳል፣ ወይ ይበላሻል። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እሱን ለየቤታችሁ ትቻለሁ።)

ረመዳን ሲሆን ነገሩ እንደገና ይቀየራል። ጥያቄው ምን ይበላል ሳይሆን መቼ ይበላል ነው። ቀን የቀዘቀዘው ንግድ ወደ ማታ ይዞራል። አንዋር መስጊድ አካባቢ ቴምሩና ሳምቡሳው ኢፍጣር ሲቃረብ ይጧጧፋል። እንግዲህ አንዱ ገበያ በሰው፣ ሁለተኛው በቀን፣ ሦስተኛው በሰዓት ይከፋፈላል። ሦስቱንም «የሃይማኖት ተጽዕኖ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር የጻፈ ተማሪ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ምግብ ቤት ቢከፍት ግን ይከስራል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ መተማመን ነው። እዚህ ላይ የቻይናው የኢቤይና የታኦባኦ ታሪክ ጥሩ ያስረዳል። የአሜሪካው የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይ በ2003 አንድ የቻይና የጨረታ ድረ ገጽ ጠቅልሎ ገዝቶ ገባ። በዚያው ዓመት አሊባባ የተባለው የቻይና ድርጅት ታኦባኦ የሚባለውን የራሱን የኢንተርኔት ገበያ ከፈተ። ገንዘብም ስምም ያለው ኢቤይ ነበር። ነገር ግን ቻይናዊው ገዢ አይቶት የማያውቀው ሻጭ ብሩን ይዞ እንዳይጠፋ ይሰጋል። ታኦባኦ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ገዢና ሻጭ በቀጥታ እንዲጻጻፉ፣ እንዲከራከሩ፣ ዋጋ እንዲቀናነሱ በር ከፈተ። ሁለተኛ፣ አሊፔይ በሚባለው አገልግሎት የገዢውን ገንዘብ መሀል ላይ ያዘው። ዕቃው ደርሶ ገዢው «ተቀብያለሁ» እስኪል ድረስ ሻጩ ብሩን አያገኝም። ኢቤይ በ2006 መጨረሻ የቻይና ገጹን ዘግቶ ሥራውን ለአገሬው ድርጅት አስረከበ።

የእኛን የቴሌግራም ሱቆች ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሻጩ ቤታችሁ ድረስ አመጣለሁ እያለ ከሥር የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር ይጽፋል። ለምን? ገዢው ቢጣላ የት ሄዶ እንደሚጮህ ማወቅ ስለሚፈልግ ነው። ክፍያውም ብዙ ጊዜ ዕቃው ከታየ በኋላ ነው። ሻጩ «ዋጋውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ» ማለቱም የሚያናድደው ሰው ብዙ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። ነገር ግን ከታኦባኦ ጭቅጭቅ ጋር ዘመድ ነው። ሰው ከመግዛቱ በፊት ማነጋገር ይፈልጋል።

እቁብ የጣለች ተማሪ ቻይና ብትሄድ አሊፔይን ከአውሮፓዊ ጓደኛዋ ቀድማ የምትረዳው ይመስለኛል። የእቁብ ዳኛና ዋስ የሚሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ነውና። ገንዘቡ መሀል ላይ ነው፣ የሚያስከብረው ሦስተኛ ወገን አለ። ልዩነቱ የእቁቡ ዳኛ ይታወቃል፣ ይከበራል፣ ይታፈራል። አሊፔይ ግን ማንንም ሳያውቅ ለሚሊዮኖች ዳኛ ሆነ።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ትልቁ ወጥመድ ሁሉንም ነገር «ባህላቸው ነው» ብሎ መዝጋት ነው።

ዋልማርት የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት ጀርመን ውስጥ የገጠመውን ውድቀት ውሰዱ። ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ በጣም ይነገራል። በ1997 መጨረሻ ገባ፣ በ2006 ደግሞ 85 ሱቆቹን ሜትሮ ለሚባል የጀርመን ድርጅት ሸጦ ወጣ። ተረኩ እንዲህ ነው። በር ላይ ቆሞ ፈገግ የሚል ተቀባይ ጀርመኖችን አስደነገጣቸው። ዕቃቸውን ሌላ ሰው ከረጢት ውስጥ ሲከትላቸው አልወደዱም። ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው የድርጅቱን ስም እየጠሩ መጨብጨብ አሳፈራቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ለወሬም ይጣፍጣል።

ግን ግማሹ ነው። አልዲና ሊድል የሚባሉት የአገሩ ርካሽ ሱቆች ቀድመው ገበያውን ይዘዋል። ዋልማርት የሚኮራበት ዝቅተኛ ዋጋ እዚያ ብርቅ አልነበረም። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣንም በ2000 አንዳንድ ሸቀጦችን ከገዛበት በታች መሸጡን እንዲያቆም አዘዘው። ፈገግታው ተወዶ ቢሆን ኖሮ ዋልማርት ይተርፍ ነበር? አይመስለኝም።

ስለዚህ «ባህል ነው» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። ሕግ ይሆን? ኪስ ይሆን?

የሕግ ምሳሌ ከራሳችን እንውሰድ። አንድ የውጭ ተማሪ አዲስ አበባ መጥቶ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ያያል። የቢራ ማስታወቂያ የለም። ማስታወሻው ላይ «ኢትዮጵያውያን ሃይማኖተኛ ስለሆኑ መጠጥ በይፋ አይተዋወቅም» ብሎ ይጽፋል። ደስ ይላል፣ ግን ስሕተት ነው። ከ2011 ዓ.ም. በፊት ቴሌቪዥኑ በቢራ ማስታወቂያ የተጥለቀለቀ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከለከለ። እኛም ጀርመን ሄደን እሑድ ሱቅ ተዘግቶ ስናይ «ሰነፎች ናቸው» ወይም «ለቤተሰብ ቦታ ይሰጣሉ» ልንል እንችላለን። እሑድ የዕረፍት ቀን መሆኑ ግን ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሳይቀር የተጻፈ ነው። እርግጥ ያንን ሕግ የወለደው የቆየ ልማድ ነው። ሕግና ባህል እንዲህ ይተሳሰራሉ፤ ለመፍታት ትንሽ መድከም ይጠይቃል።

የኪሱ ምሳሌ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነው። ሰፈር ሱቅ ውስጥ ዘይት በትንሽ በትንሹ፣ ሲጋራ በፍሬ፣ ሻምፖ በትንሿ ከረጢት ይሸጣል። ህንድም እንዲሁ ነው። ሰው በትንሹ የሚገዛው በትንሹ መግዛት ስለሚወድ አይደለም። የዕለቱ ገንዘብ ለዚያ ብቻ ስለሚበቃ ነው። ድህነትን ባህል ብሎ መጥራት ለተንታኙ ይመቸዋል። ለገዢው ግን ስድብ ነው።

ቁጥር ወዳዶቹ እዚህ ጋ «ሆፍስቴድስ?» ይላሉ። ሄርት ሆፍስቴድ የኔዘርላንድ ምሁር ነበር። ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች ከሚገኙ የአይቢኤም ሠራተኞች የተሰበሰቡ ከ100 ሺህ በላይ መጠይቆችን ተንትኖ አገሮችን በነጥብ አስቀመጠ። አለቃ ምን ያህል ይፈራል፣ ሰው ራሱን ከቡድኑ ምን ያህል ይለያል፣ እርግጠኛ ያልሆነ ነገርን ምን ያህል ይሸሻል፣ ወዘተ። ጠቃሚ መነሻ ነው፣ ጥያቄ ያስጠይቃል። ነገር ግን ከዚያ የአይቢኤም መረጃ በተሠራው ሠንጠረዥ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብለው አንድ ነጥብ ነው የተሰጣቸው። አራት አገር፣ አንድ ቁጥር፣ ያውም በአንድ የኮምፒውተር ድርጅት ሠራተኞች በኩል። በዚያ ቁጥር ተማምኖ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔ የብድር አገልግሎት የሚቀርጽ ሰው ካለ እግዜር ይሁነው።

ደግሞ ባህል ሁልጊዜ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ክርስቲያኑ ከ100 አንድ ገደማ ነው። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ ገና ሲደርስ ኬኤፍሲ የሚባለውን የአሜሪካ ድርጅት የኬንታኪ ዶሮ ይበላል፤ ቀድሞ ያዛል፣ ይሰለፋል። ልማዱን የተከለው ድርጅቱ በ1974 የጀመረው የማስታወቂያ ዘመቻ ነው። ማስታወቂያ የፈጠረው ነገር ዛሬ የቤተሰብ ወግ ሆኗል። እኛም ጋ ቢሆን የጀበና ቡና ቤት ውስጥ፣ ለጎረቤት የሚፈላ ነበር። አሁን በየሕንፃው ሥር ቄጤማ ጎዝጉዘው በስኒ ይሸጡታል። ማንም «ባህላችን ተሸጠ» ብሎ አላለቀሰም። ይልቅ ከሥራ በፊት ጎራ ማለት ራሱን የቻለ ልማድ ሆነ።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ምክር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወርቅ ናቸው። ያናደዳችሁን፣ ያሳፈራችሁንና ያልገባችሁን ሁሉ ያኔውኑ ጻፉ። ትንሽ ስትቆዩ ዓይናችሁ ይለምደዋል፣ ከዚያ በኋላ አይታያችሁም። ደረሰኝ አትጣሉ። ሻጮችን አነጋግሩ፤ ፕሮፌሰሩ የማያውቀውን ገንዘብ ተቀባይዋ ታውቃለች። የሐበሻ ምግብ ቤት መሄዱ አይቀርም፣ ሂዱ። ግን ማን ይበላል፣ ሹካ የሚጠይቀው ማነው፣ ሜኑው ላይ ጾም የሚለው ምን ተብሎ ተጻፈ ብላችሁ ብትጠይቁ እሱም ትምህርት ነው። ሪፖርታችሁ ላይ ደግሞ «ጀርመኖች ሰዓት አክባሪ ናቸው» ብላችሁ አትጻፉ። ይህን ለማወቅ ቪዛ አያስፈልግም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ወደዚህ የሚመጡትን የውጭ ተማሪዎች በደንብ አይጠቀሙባቸውም ባይ ነኝ። ቶሞካ ቡና ያጠጧቸዋል፣ መርካቶ ያዞሯቸዋል፣ በቃ። ከእኛ ተማሪዎች ጋር ሁለት ሁለት አድርጎ አንድ ከሰዓት ወርቅ ቤቶች ወዳሉበት ሰፈር መልቀቅ ይቻላል። የውጭው ልጅ «ሰው ወርቅ ለመግዛት ለምን ከእናትና ከአክስት ጋር ይመጣል?» ይላል። የእኛው ልጅ ለመመለስ አፉን ሲከፍት መልሱን አስቦበት እንደማያውቅ ይረዳል።

ዕድሉን ያላገኘም ሜዳ አያጣም። ክርስቲያኑ ተማሪ በረመዳን አንድ ምሽት አንዋር አካባቢ ሄዶ የትኛው ሱቅ በስንት ሰዓት እንደሚከፍት፣ ምን ከፊት እንደሚደረድር ይመዝግብ። ሙስሊሟ ተማሪ በቅበላ እሑድ ሥጋ ቤቶቹን፣ በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ እነዚያኑ ሰፈሮች ትይ። ሁለቱ ማስታወሻቸውን ይለዋወጡና አንዱ ለሌላው ያልገባውን ያስረዳው።